የአያት ቦርሳሊኖ፦ ዘመኑ እንዴት ይታወቃል? ቅርፁስ ይቀየራል?

ጥያቄ፦ የሳጥን_ዕቃ

ጤና ይስጥልኝ። ከአያቴ ሣጥን የወጣ ጥቁር ግራጫ የፌልት (ተጠቅጥቆ የተጣበቀ የእንስሳ ጸጉር) ባርኔጣ አለኝ። ውስጡን የሚዞረው የላብ ቆዳ ላይ በወርቅ ቀለም «ቦርሳሊኖ» እና «አሌሳንድሪያ» የሚል ማህተም አለ። ገበሩ ላይ ደግሞ «ግራን ፕሪ፣ ፓሪስ 1900» ይላል። ይህን ያዩ ሰዎች የ1900 ነው ይሉኛል፤ ቤተሰቡ ግን «በሃምሳዎቹ የተገዛ ነው» ይላል። ክፈፉ (ዙሪያውን የወጣው ጠርዝ) 5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ሪባኑ 3፣ ቁጥሩ 58።

ችግሮቹ፦ የላብ ቆዳው ከኋላ በኩል ስንዝር ያህል ተላቋል። ፌልቱ ደግሞ ከፊት፣ ሰው ሲያወልቅ በጣቱ የሚቆነጥጠው ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። ሦስት ቦታ ብል በልቶታል። ወንድሜ ልኩ 58 ሆኖ ሳለ ይጠበዋል። ለሠርጉ ሊያደርገው ስለሚፈልግ አናቱን ከፍ፣ መሐሉን ብቻ ሰርጎድ፣ ክፈፉን ደግሞ ሰፋ ማድረግ ይቻላል ወይ?

መልስ፦ ባለፎርማ

እህቴ፣ መጀመሪያ ምንም እንዳትፈቺ፣ ምንም እንዳትቆርጪ። የዘመኑ ማስረጃ ያለው ልትጠግኚው የምትፈልጊው ቦታ ላይ ነው።

የ1900ው ጽሑፍ የባርኔጣው ዕድሜ አይደለም። ባርኔጣ አምራቹ ቦርሳሊኖ የተመሠረተው በ1857 እ.ኤ.አ. ሰሜን ጣሊያን አሌሳንድሪያ ከተማ ነው፤ በ1900 የፓሪስ ኤክስፖዚሽን ላይ ሽልማት አገኘና ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ገበሩ ላይ ሲያትመው ኖሯል። ስለዚህ ያ ጽሑፍ የሚነግርሽ ከ1900 በፊት እንዳልተሠራ ብቻ ነው።

«ሃምሳዎቹ» ያሉት በኛ ነው በፈረንጅ? ይህን አጣሪ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በኛ ከሆነ ከ1957 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። የሰጠሽው ልኬትም ወደዚያው ያደላል። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የተለመደው ክፈፍ 6 ተኩልና ከዚያ በላይ ነበር፣ ሪባኑም ሰፊ። በ1960ዎቹ ክፈፉ ወደ 4 እና 5 ወረደ፣ ሪባኑም አብሮ ጠበበ። ልኬት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ክፈፍን በኋላ የሚያስቆርጥ ሰው አይጠፋም።

አሁን ቆዳውን በጣትሽ ቀስ ብለሽ ወደ ውጭ ገልብጪና የኩባንያውን ሙሉ ስም አንብቢ። መጨረሻው ላይ ኤስ እና ኤ የሚሉ ሁለት ፊደላት ብቻ ካሉ የቀድሞው የአክሲዮን ማኅበር አጠራር ነው። በመካከላቸው ፒ ከገባች የ1942ቱ (እ.ኤ.አ.) የጣሊያን ፍትሐ ብሔር ሕግ ያመጣው ስም ነው፤ እንግዲያው ከዚያ ዓመት ወዲህ ነው ማለት ነው። የድሮ ማህተም ሕጉ ከወጣ በኋላም ትንሽ ሊያገለግል ስለሚችል ሁለቱ ፊደላት ብቻቸውን ካሉ ሌላ ማስረጃ ጨምሪበት። «ፉ ላዛሮ» የሚል ካገኘሽ ደግሞ አንድ የቤተሰቡ ዘመድ ለብቻው ያቋቋመው ተፎካካሪ ፋብሪካ ነው፤ ሁለቱ በኋላ ተዋህደዋል።

ከቆዳው ጀርባ ትንሽ ወረቀት ከተለጠፈ እዚያው እንዳለ ፎቶ አንሺው። ለመላጥ አትሞክሪ፤ ሙጫው ስለደረቀ ይበጣጠሳል።

መልስ፦ ብል_ጠባቂ

እኔ ስለ ብሉ ልናገር፤ ዛሬውኑ የሚደረግ ስለሆነ። ባርኔጣውን ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገቢ፣ አየሩን አውጥተሽ አፉን እሰሪና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያወርድ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት አቆዪው። ስታወጪው ከረጢቱን ወዲያው አትክፈቺ። ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል አንድ ቀን ይቆይ፤ አለበለዚያ ጠል ፌልቱ ላይ ይቋጠራል። ሣጥኑንም ካላጸዳሽ ብሉ ተመልሶ ይመጣል።

ከዚያ ጉዳቱን በብርሃን እዪው። ወደ መብራት ስታነሺው ብርሃን ካላሳለፈ ብሉ የላይኛውን ጸጉር ብቻ ነው የላጨው። ቁጥሩ 600 በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን በጣም ቀለል አድርገሽ ብታለሰልሺው ከሌላው ጋር ይመሳሰላል። ብርሃን ካሳለፈ ቀዳዳ ነው፤ በቆዳው ከሚሸፈነው የውስጥ ክፍል ትንሽ ጸጉር ፍቀሽ በውሃ ከሚሟሟና ሲደርቅ ከሚለጠጥ የጨርቅ ሙጫ ጋር ለውሰሽ ትሞዪዋለሽ። ቀለሙ ራሱ ስለሆነ ሌላ ነገር አይተካውም።

ስትፈቂ አፍንጫና አፍሽን በደንብ የሚገጥም የአቧራ ማስክ አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ እጅሽን ታጠቢ። የጥንቸል ጸጉር ፌልት እንዲሆን በሜርኩሪ ውህድ ይታከም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ይህ የቆመው በታኅሣሥ 1941 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሌላ አገር የተሠራውን ግን ቀኑን ተማምኖ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

የጥንቸል ይሁን የበግ ለማወቅ ክፈፉን በሁለት ጣት ያዢው። የጥንቸሉ ቀጭን፣ ጥቅጥቅ ያለና ለስላሳ ነው፣ ሲታጠፍ ይመለሳል። የበጉ ሱፍ ወፈር፣ ሻከር ይላል። ክር አቃጥሎ ማሽተት የሚመክሩ አሉ፤ ሁለቱም የእንስሳ ጸጉር ስለሆኑ ሽታቸው አንድ ነው፣ የሚለየው ሰው ሠራሹን ብቻ ነው።

የሳጥን_ዕቃ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አነበብኩት፤ ፒ አለበት። ሃምሳዎቹ ያሉትም በኛ ነው። ብሉ አንዱ ጋ ብቻ ብርሃን ያሳልፋል። ቆዳው ከተላቀቀበት ውጪ ፌልቱ ሪባኑ ሥር ትንሽ ተጨማድዷል፤ ይህ ምንድን ነው?

መልስ፦ ባለመርፌ

ያ ጭምድድ የመጥበቡ ምክንያት ነው። ፌልቱ ቢሆን ኖሮ የተኮማተረው ቆዳው ተርፎት ወደ ውስጥ ያብጥ ነበር። አንቺ ጋ ግን የተኮማተረው ቆዳው ነው፤ ፌልቱን ይዞት ስለተሳበ ውጪው ተጨማደደ፣ ስፌቱም ደካማ በሆነበት ከኋላ ተበጠሰ። ይህ የሚመጣው ከላብ በኋላ ፀሐይ ወይም ምድጃ አጠገብ ከማድረቅ ነው፤ ቆዳው ሳይገለበጥ እንፋሎት ሲመታውም እንዲሁ።

ቆዳውን ሞክሪው። ጠርዙን ቀስ ብለሽ ስታጥፊው ከታጠፈ ይድናል፦ በጨርቅ ጫፍ ትንሽ የቆዳ ቅባት ቀቢ፣ አንድ ቀን ቆይተሽ ድገሚ። ብዙ ከቀባሽ ዘይቱ ወደ ፌልቱ ያልፍና ሪባኑ ላይ ጥቁር ቀለበት ያወጣል። እንደ ብስኩት ከተሰባበረ ግን አዲስ ይግባለት፤ ማህተም ያለበትን አሮጌውን ፖስታ ውስጥ አስቀምጪ፣ የዘመኑ ማስረጃ እሱ ነው።

መልሶ ለመስፋት፦ ቀጭን መርፌ፣ ሰም የተቀባ ጠንካራ ክር፣ ከባርኔጣው ጋር የሚመሳሰል ቀለም። መርፌውን በድሮው ቀዳዳ ብቻ አሳልፊ። አዲስ ቀዳዳ ከበሳሽ ያረጀ ቆዳ እንደ ቴምብር ጠርዝ ተቆርጦ ይሄዳል። ብዙዎቹ ላይ ስፌቱ የሚይዘው ቆዳውን ሳይሆን ጠርዙ ላይ ያለውን ቀጭን ቱቦ የያዘውን ጥብጣብ ነው፤ እሱን ፈልጊ። ወደ ውጪ የሚወጣው ክር አጭር ይሁንና ሪባኑ ሥር ይደበቅ። ቆዳውን ለመያዝ ሙጫ ግን በፍጹም፤ ይደርቃል፣ ፌልቱን ይገትራል፣ ቀጣዩ ሰው ሊፈታው ሲሞክር ይቀደዳል።

ለመጥበቡ፦ ውስጡ ገብቶ በሚለጥጥ የባርኔጣ ማስፊያ እንጨት በቀን ትንሽ በትንሹ፣ በድምሩ ከ1 ሴንቲ ሜትር አትለፊ። ከዚያ በላይ የቆዳው መጋጠሚያ ይተረተራል። አዲስ ቆዳ የሚገባ ከሆነ በ59 አሠሪው፣ ማስፋቱም ላያስፈልግ ይችላል።

መልስ፦ ፈጣን_እጅ

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ውሃ ውስጥ ነክሮ ድስት ላይ ደፍቶ ማድረቅ ነው።

መልስ፦ ባለፎርማ

ወንድሜ፣ ያ ለአዲስ ጥሬ ፌልት ይሠራል። ይህ ውስጡ ማጠንከሪያ አለው፤ ሼላክ (ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ) ከሆነ ውሃ ሲነካው ነጭ ደመና ያወጣል። ድስቱም ክብ ነው፣ የሰው ራስ ሞላላ።

ወደ ቅርፁ ልመለስ። ክፈፉን ማስፋት አይቻልም፤ ፌልት ይቆረጣል እንጂ አይጨመርም። ጎትቶ ለማስፋት መሞከር ጠርዙን ያሳሳውና ያወዛውዘዋል። 5 ሴንቲ ሜትሩ ይቅር፤ ለዘመኑም ትክክለኛው እሱ ነው።

አናቱ ግን ይከፈታል። ሪባኑንና ገበሩን ፎቶ አንስተሽ ፍቺ፤ የሪባኑን ቋጠሮ አትፍቺው፣ የያዙትን ጥቂት ክሮች ብቻ ቁረጪ። ቆዳውን ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ገልብጪው። ማንቆርቆሪያ አፍልተሽ ከአፉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርገሽ ከውስጥ በኩል እንፋሎቱን እያዞርሽ ስጪው፤ ግማሽ ደቂቃ አካባቢ ላይ ፌልቱ እጅሽ ላይ ሲለሰልስ ይሰማሻል። ያን ጊዜ በጡጫሽ ከውስጥ ገፍተሽ የድሮውን ስርጉድ ሁሉ አውጪ። ስንጥቁ ያለበትን ቦታ አትግፊ፤ እንፋሎት ስንጥቅ አይዘጋም፣ ያሰፋዋል እንጂ። ጥላ ቦታ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ።

አሁን ከሪባኑ የታች ጠርዝ እስከ አናቱ ለኪ። መሐሉን መሰርጎድ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል። ተከፍቶ 13 ካልሞላ ወንድምሽ የሚፈልገው ረጅም ቅርፅ አይወጣም፤ በግድ ቢጎተት አናቱ ይሳሳል።

ስንጥቁን ከመሰርጎድሽ በፊት ከውስጥ ስስ የሐር ወይም የጥጥ ቁራጭ በዚያው በሚለጠጠው ሙጫ ለጥፊበት፣ ጠርዞቹን አገናኝተሽ። ፊቱን ሳይቆነጥጡ መሐሉን ብቻ መሰርጎድ ለዚህ ባርኔጣ በጣም ተስማሚ ምርጫ ነው፤ እጥፋቱ ከስንጥቁ ይርቃል። ድጋሚ አናቱን በትንሹ አሙቂ፣ በእጅሽ ጎን ከፊት ወደ ኋላ ተጫኚና እስኪቀዘቅዝ ያዢው። ወንድምሽም ሲያወልቅ በክፈፉ፣ በሁለት እጁ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር_ስፕሪንግ

ጣልቃ ልግባ። እዚህ አሜሪካ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ያገኘሁት ስቴትሰን የተባለ የአሜሪካ ባርኔጣ ላይስ ምን ልይ? ቆዳው ሥር የጠርዙ ጥርስ ያለው ትንሽ ወረቀት አለ።

መልስ፦ ብል_ጠባቂ

እሱ የሠራተኛ ማኅበር መለያ ነው፤ ስሙን አንብበው። «ዩናይትድ ሃተርስ ኦፍ ኖርዝ አሜሪካ» ብቻ ካለ ከ1934 በፊት ነው። በዚያ ዓመት ማኅበሩ ከኮፍያና ከሴቶች ባርኔጣ ሠራተኞች ጋር ተዋህዶ ስሙ ስለረዘመ፣ ረጅሙ ስም ካለ ከ1934 እስከ 1983 ነው። ስቴትሰን በ1865 ፊላዴልፊያ የተመሠረተ ሲሆን የዚያች ከተማ ፋብሪካ በ1971 ተዘግቷል፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ የሚወጣው በፈቃድ በሌሎች አምራቾች ነው። ካርቶኑ ካለህ አድራሻው ላይ ባለ አምስት አሃዝ ዚፕ ኮድ ፈልግ፤ ያ የመጣው በ1963 ነው። ግን ካርቶንና ባርኔጣ ይቀያየራሉ፤ መጠራጠሩ አይከፋም። ቆዳው ላይ ያሉት የኤክስ ምልክቶች ብዛትም ቢቨር የተባለው የውሃ እንስሳ ጸጉር ምን ያህል እንዳለበት አይነግርህም፤ አምራቾቹ የሚጋሩት መለኪያ የለም።

የሳጥን_ዕቃ

ከፍቼ ለካሁት፤ 13 ተኩል ነው። ሪባኑ ግን ላብ በልቶታል፣ አዲስ ልግዛ። የቱን?

መልስ፦ ባለመርፌ

ጥጥና ሬዮን የተቀላቀለ፣ ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ሳይሆን ጥቃቅን ጥርስ ያለው፤ 1 ሜትር ለዙሪያውም ለቋጠሮውም ይበቃል። ፖሊስተሩን ተዪው፣ አይታጠፍልሽም። ስፋቱ ያው 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከጠበበ የስፌቱ ክሮችና የላቡ ምልክት ይታያሉ። ከመስፋትሽ በፊት እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገሽ በካውያ እየጎተትሽ ቅስት አስይዢው፤ የአናቱ ሥር ከላዩ ስለሚሰፋ ቀጥ ያለ ሪባን ከላይ ይከፈታል። ቋጠሮው በወንድ ባርኔጣ በግራ ነው የሚውለው።