የልጄ ሄልሜት ወደ ኋላ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 6 ዓመቷ ነው፣ ብስክሌት ገና እየለመደች ነው። «ታድግበታለች» ብዬ ሰፋ ያለ ሄልሜት ገዛሁላት። አሁን ሁለት ዙር ሳትዞር ወደ ኋላ ይንሸራተትና ግንባሯ ተራቁቶ ይቀራል። ማሰሪያውን ሳጠብቀው ደግሞ «አነቀኝ» ብላ ታለቅሳለች። ውስጡ ላይ 54–58 ሴ.ሜ የሚል ተለጥፏል። ስፖንጅ ልጨምርበት ወይስ ሌላ ልግዛ?

ባለ ሁለት ጎማ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ጭንቅላቷን ለኪው። የልብስ ሰፊ ሜትር ካለሽ ከቅንድቧ ሁለት ሴንቲ ገደማ ከፍ አድርገሽ፣ ከጆሮዋ በላይ አሳልፈሽ፣ ከኋላ ጎላ ባለው በኩል አዙሪው። ሜትር ከሌለሽ በክር ዙሪያውን ያዢና ክሩን በማስመሪያ ለኪው። በዕድሜ አትገምቺ። የእኔ ሁለት ልጆች በ3 ዓመት ይበላለጣሉ፣ የጭንቅላታቸው ልክ ግን አንድ ነው።

ጠያቂዋ፦
51 መጣ። ሁለቴ ነው የለካሁት፣ መጀመሪያ ላይ እየሳቀች አላስለካ ብላኝ ነበር።

የመንትዮች አባት፦
እኔ ፎጣ አጥፌ ከውስጥ አደረግሁበት፣ ያዘ። ለምን ሌላ ትገዣለሽ?

ባለ ሁለት ጎማ፦
ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና እሱን አውጣው። ቆሞ ሲያዩት የያዘ ይመስላል፣ ልጁ ሲወድቅ ግን ፎጣው ይንሸራተታል። አብረው የሚመጡት ስፖንጆችም ትንሽ ክፍተት ለማስተካከል ናቸው እንጂ የ3 ሴንቲ ልዩነት አይሞሉም።

እህቴ፣ ያንቺ ነገር ግልጽ ነው። ከ54 የሚጀምር ሄልሜት ለ51 አይሆንም። «አነቀኝ» የምትለውም ለዚህ ነው፤ ሄልሜቱ ጭንቅላቷን መያዝ ስላቃተው ሥራው ሁሉ አገጯ ላይ ወደቀ። 50–54 የሚለውን ፈልጊ። ለማደግም ቦታ አለው፣ ከኋላ ያለችውን መጠምዘዣ እያላላሽ ትሄጃለሽ።

ስትሞክሩ ማሰሪያውን አትቆልፊው። መጠምዘዣውን ብቻ አጥብቂና ራሷን ግራ ቀኝ ትነቅንቅ። የግንባሯ ቆዳ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ልኳ ነው። ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረ መልሽው።

የሦስት ልጆች እናት፦
አቀማመጡም ወሳኝ ነው። ከቅንድቧና ከሄልሜቱ ጫፍ መካከል ሁለት ጣት ይግባ፣ ከዚያ አይብለጥ። ብዙ ሰው እንደ ኮፍያ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ልጅ ደግሞ በግንባሩ ነው የሚደፋው። የጎን ማሰሪያዎቹ አንዱ ከጆሮ ፊት፣ ሌላው ከኋላ ወርደው ከጆሮዋ ጫፍ ሥር ይገናኙ። ከአገጯ ሥር አንድ ጣት ብቻ ይግባ። ከዚያ እንደምታዛጋ አፏን በሰፊው ትክፈት፤ ሄልሜቱ አናቷን ጫን ካደረጋት በትክክል ታስሯል። ስትቆልፊው ጣትሽን ከሥር አድርጊ። እኔ አንዴ የልጄን ቆዳ ቆንጥጬበት ሄልሜት ለማድረግ አንድ ወር ለምኜዋለሁ!

ፀጉሯን አናቷ ላይ ጠቅልለሽ ከሆነ የምታስሪላት ደግሞ ዝቅ አድርጊው፤ አለበለዚያ የትኛውም ሄልሜት አይቀመጥላትም።

የመንትዮች አባት፦
እሺ፣ ፎጣው ወጣ። የዘመድ ልጅ የተወው ሄልሜት አለ፣ ልኩ ነው። ይሆናል?

ባለ ሁለት ጎማ፦
ወድቆበት እንደሆነ ጠይቅ። ውስጡ ያለው ፎም ግጭቱን የሚችለው እየተጨፈለቀ ነው፣ ተመልሶ አይነፋም። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ የሞተ ሊሆን ይችላል። ታሪኩን የሚያውቅ ከሌለ ተወው። ሲገዛ ደግሞ ውስጡ ላይ ኢኤን 1078 (EN 1078፣ የአውሮፓ ደረጃ) ወይም ሲፒኤስሲ (CPSC፣ የአሜሪካ) የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ የደኅንነት ፈተና ማለፉን የሚያሳይ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦
አንድ ነገር ረስቼ፦ ከብስክሌት ወርዳ ዥዋዥዌ ወይም መንሸራተቻ ላይ ስትወጣ አውልቂላት። ሄልሜቱ ክፍተት ውስጥ ከተቀረቀረ ማሰሪያው አንገቷን ያንቃታል።

ጠያቂዋ፦
50–54 አገኘሁ። የማዛጋቱን ፈተና በጣም ወዳዋለች፣ ከትናንት ጀምሮ ቤት ውስጥ ሄልሜት አድርጋ እያዛጋች ነው። ግንባሯ ግን ተሸፍኗል።