ናምፓድ (ለብቻው የተቀመጠ የቁጥር ቁልፎች ክፍል) ያለው ላፕቶፕ ይሻለኛል ወይስ ራሙ ሰፊው?

ዓይነ ስውር ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ኮምፒውተር የምጠቀመው ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነበው ፕሮግራም በኤንቪዲኤ ሲሆን ድምፁ ኢስፒክ የሚባለው ነው፤ አማርኛም እንግሊዝኛም ያነብልኛል። ሥራዬ ጽሑፍ መተየብና ማረም ነው። ወርድ፣ ክሮምና ቴሌግራም አብረው ይከፈታሉ። አሮጌው ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው። ዊንዶውስ 11 አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል።

እዚሁ ከተማ ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች አገኘሁ፤ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ሻጩ ስለ ስክሪኑ ጥራት ብዙ አስረዳኝ። ለእኔ ስክሪኑ ቢጠፋ ይሻላል፣ ባትሪ ይቆጥብልኛል! ዊንዶውስ፣ ኮንትሮልና ኢንተር አንድ ላይ ተጭኜ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን አንባቢ ናሬተርን አስነሳሁና በጆሮዬ ፈተሽኳቸው። ድምፃቸው ደህና ነው።

አንደኛው 15.6 ኢንች ነው፤ ናምፓድ አለው። ራሙ ግን 8 ጊጋ ነው፤ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም ተብያለሁ። ሁለተኛው 14 ኢንች፣ 16 ጊጋ፤ ናምፓድ የለውም። ኤንቪዲኤን የማዝበት ኢንሰርት ቁልፍ እንኳ ከኤፍኤን ጋር ካልሆነ አይሠራም።

ሳርም የምኖረው በናምፓድ ነው፦ በ7፣ 8፣ 9 መስመር፤ በ4፣ 5፣ 6 ቃል፤ በ1፣ 2፣ 3 ፊደል እየሰማሁ። በኢንሰርት ፈንታ በካፕስ ሎክ የሚሠራውን የኤንቪዲኤ የላፕቶፕ አቀማመጥ ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል፣ እጄ ግን አልለመደውም። በዩኤስቢ የሚሰካ ናምፓድም አለ፤ በየሄድኩበት ይዞ መዞሩ ነው ያስጠላኝ።

በኤንቪዲኤ የምትሠሩ፣ ዊንዶውስ 11 ላይ ወርድና ክሮም አብረው ሲከፈቱ 8 ጊጋ ራም ድምፁ ሳይንቀራፈፍ ይበቃል?