ሃያ አምስት ስል 205 የሚጽፉ ልጆች
ሰላም ለሁላችሁ። አንደኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ክፍሉ ጢም ያለ ነው፣ መርጃ መሣሪያ የምንለው ያው ሰሌዳና ጠመኔ ነው። ልጆቹ እስከ 100 መቁጠሩን እንደ መዝሙር ያንበለብሉታል። ሃያ አምስት ጻፉ ስላቸው ግን ብዙዎቹ 205 ይጽፋሉ። የሰሙትን ነው የሚጽፉት፤ መጀመሪያ 20፣ ከዚያ 5። በነሱ ቤት ልክ ናቸው!

እንጨት ለቅመን አስር አስሩን በላስቲክ አሰርን። 3 እስርና 4 ነጠላ ሳሳያቸው «ሠላሳ አራት!» ብለው ይጮኻሉ። ሰሌዳው ላይ 34 ጽፌ፣ 3ቱን አክብቤ፣ ይቺን በእንጨት አሳዩኝ ስል ግን ሦስት ነጠላ እንጨት ያነሳሉ። የአስር ቤትና የአንድ ቤት ብዬ ሠንጠረዥም ሠራሁ። እሱን ጥሩ አድርገው ይሞላሉ፣ ሠንጠረዡን ሳጠፋው ግን 205 ተመልሶ ይመጣል። ቆርኪም ሞክሬ ነበር፣ አይታሰርም እንጂ ለመቁጠርስ ጥሩ ነው (ግማሹ ኪሳቸው ገብቶ ይቀራል)።

ይሄ ሳይጠራ ወደ መቶ ቤት መግባት አልፈልግም። ታች ክፍል ያስተማራችሁ፣ ልጆቹን ከታሰረው እንጨት ወደ ተጻፈው ቁጥር ያሻገራችኋቸው በምን ዓይነት መልመጃ ነው?