የአባቴ እብጠት በመርፌ ታይቶ «ሜሶቴሊዮማ ሊሆን ይችላል» ተባለ፤ ውጤቱ ይታመናል?

ጠያቂዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 67 ዓመቱ ነው። አምና ሳንባው ውሃ ቋጥሮ ተቀድቶለት ነበር። ዘንድሮ ደግሞ አንገቱ ሥር፣ በግራ በኩል፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል እብጠት ወጣ። እኛ ቲቢ ነው ብለን ነበር። በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ የመጣው ወረቀት «የተሠራጨ ካንሰር፤ ሜሶቴሊዮማ ወይም አዴኖካርሲኖማ» ይላል። ይህ ይበቃል? ወይስ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል? እንቅልፍ አጥተናል።

ፓቶሎጂስት (ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም)፦ እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ካንሰር መሆኑን መርፌው ብዙ ጊዜ በደንብ ያሳያል። የሚያስቸግረው ከየት እንደተነሳ መለየቱ ነው። ሜሶቴሊዮማ በአብዛኛው የሚነሳው ከሳንባ ሽፋን ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሴሎቹ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው ግን ቀጭን ክፍተት ይታያል። «መስኮት» እንለዋለን። ፈሳሽ ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሳው ካንሰር፣ አዴኖካርሲኖማም፣ አንዳንዴ እንዲሁ ስለሚመስል እኔ በስላይድ (ናሙናው በተቀባበት መስታወት) ብቻ አልፈርምም።

«ሴል ብሎክ ተሠርቷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። በመርፌው የወጣው ትርፍ ናሙና ተሰብስቦ በሰም ይያዛል፤ ከዚያ በስሱ እየተቆረጠ ኢሚዩኖ (የሴሉን ፕሮቲኖች በቀለም የሚለይ ምርመራ) ይሠራበታል። ካልሬቲኒንና ደብሊውቲ1 የተባሉት ፕሮቲኖች ቀለም ከያዙ፣ ክላውዲን 4 እና ቲቲኤፍ1 ደግሞ ካልያዙ፣ ወደ ሜሶቴሊዮማ ያዘነብላል። ቢኤፒ1 የተባለው ፕሮቲን ከሴሉ እምብርት (ከኒውክሊየሱ) መጥፋቱም ያግዛል። ባይጠፋ ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ናሙናው አነሰ ከተባልሽ አትደንግጪ፣ መርፌው ይደገማል። ወይም ወፈር ባለ መርፌ ይወሰዳል። ወደ ቀዶ ጥገና ከመሄዳችሁ በፊት ይህ ይሞከር። ደግሞ አምና የተቀዳው ውሃ ስላይድ ካለ አስፈልጊው፤ ጎን ለጎን ሲታይ ብዙ ይናገራል።

ሲስተር፦ የአባባን የድሮ ሥራ ለሐኪሙ ንገሩት። የሜሶቴሊዮማ ዋናው መንስኤ አስቤስቶስ (ሙቀት እንዳይወጣ ቱቦ ላይ ይጠቀለል የነበረ የማዕድን ክር) ነው። በሽታው የሚወጣው ብናኙ ከተሳበ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ስለሆነ ሰው ይረሳዋል። የሥራ ታሪኩ ብቻውን ምርመራውን አይተካም፤ ለሚያነበው ሐኪም ግን ፍንጭ ነው።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን አባቴን ጠየቅኩት። በ20ዎቹ ዕድሜው ፋብሪካ ውስጥ የቦይለር ቱቦ ይጠግን ነበር። «ቱቦው ላይ የተጠቀለለውን ነጭ ነገር በእጃችን እንልጠው ነበር፤ ፀጉራችን ዱቄት ይመስል ነበር» አለኝ። ነገ ጠዋት ስለ ብሎኩ ልጠይቅ እሄዳለሁ፤ ይህንንም ለሐኪሙ እነግረዋለሁ።