ያዲየር ሞሊና ለኩፐርስታውን ይበቃል? ካቸርን በምን እንለካው?

ጥያቄ አቅራቢው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት በሌላው የቤዝቦል ካቸር በበስተር ፖዚ የጀመርነው ጭቅጭቅ ወደ ያዲየር ሞሊና ዞሮ ሳይቋጭ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ ለብቻው አወጣሁት።

ጉዳዩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ሞሊና በ1982 ፖርቶ ሪኮ፣ ባያሞን ውስጥ ተወለደ። ከ2004 እስከ 2022 ድረስ 19 ዓመት ሙሉ ለአንድ የቤዝቦል ቡድን፣ ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ብቻ ተጫወተ። ቦታው ካቸር ነው፤ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ፒቸሩ የሚወረውረውን ኳስ የሚቀበለው ሰው። በ2006 እና በ2011 የሊጉን የመጨረሻ ዋንጫ፣ ዎርልድ ሲሪስን አንስቷል። ለመከላከል ብቃት የሚሰጠውን ጎልድ ግላቭ 9 ጊዜ ወስዷል። በመምታት በኩል ግን አማካዩ 0.277 ነው፤ ከሺህ ሙከራ 277ቱ ተሳክቶለታል ማለት ነው። ሆም ራኑም (ከሜዳው አጥር ውጪ የመታው ኳስ) 176 ላይ ቆሟል። ኩፐርስታውን ላለው ሆል ኦፍ ፌም፣ የቤዝቦል ታላላቆች ለሚከበሩበት ቤት፣ ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀርበው በ2028 ነው። ለመግባት ከጋዜጠኞቹ ድምፅ 75 በመቶ ማግኘት አለበት።

የኔ አቋም ይገባዋል ነው። ያውም በመጀመሪያው ዓመት። የሚቃወም ይምጣ፤ ስድብ ግን አይፈቀድም።

ሒሳብ ወዳድ፦
እኔ እቃወማለሁ። ሰውየውን እወደዋለሁ፤ ስለወደድኩት ብቻ ግን ድምፅ አልሰጠውም። 19 ዓመት መትቶ መትቶ፣ ሲደመር ከሊጉ አማካይ መቺ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ዋር የሚባል መለኪያ አለ። አንድ ተጫዋች ከተራ ተተኪ በላይ ለቡድኑ ስንት ድል እንደጨመረ ያሰላል። በጣም የሚጠቀሰው ስሌት ለሞሊና 42 አካባቢ ይሰጠዋል። ለድሮው ታላቅ ካቸር ለጆኒ ቤንች 75 ይሰጠዋል። ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ደግሞ የቀድሞውን ካቸር ቦብ ቡንን አትርሱት። 2,225 ጨዋታ ላይ ካቸር ሆኖ ቆሟል፤ ሞሊና 2,184 ነው። 7 ጎልድ ግላቭ አለው። እሱም የመከላከል ሰው ነበር፣ እሱም ፒቸሮቹ የሚያምኑት ሰው ነበር። አልገባም። ለሞሊና በሩን ስትከፍቱ ለቡን ምን ልትሉት ነው?

የሴንት ሉዊሱ ሾፌር፦
ወንድሜ፣ እዚህ ከተማ ታክሲ ስነዳ ነው ቤዝቦልን በሬዲዮ የተማርኩት። አንድ ማታ ልንገርህ።

ኦክቶበር 19፣ 2006። ኒው ዮርክ ውስጥ ከሜትስ ጋር ሰባተኛው ጨዋታ ነው፤ ያሸነፈ ወደ ዎርልድ ሲሪስ ያልፋል። ዘጠነኛውና የመጨረሻው ዙር (ኢኒንግ) ላይ 1 ለ 1 ናቸው። ሞሊና ሁለት ነጥብ ያመጣ ሆም ራን መታ። ተሳፋሪ አውርጄ መኪናውን ጥግ አስይዤ ቆምኩ። ከዚያ ሜትስ ተራቸው ደረሰ፤ ሯጮች የሚቆሙባቸው ሦስቱም ቤዞች ሞሉ፣ ሁለት ሰው ወጥቷል፤ ሦስተኛው ከወጣ ያልቃል። የሚመታው ካርሎስ ቤልትራን ነው። የሚወረውረው አዳም ዌይንራይት ገና ጀማሪ ልጅ ነው። ሞሊና ተነስቶ ወደ ልጁ ሄደ፣ አናገረው፣ ተመለሰ። ሦስት ውርወራ ብቻ። የመጨረሻው ከርቭ ቦል፣ የሚታጠፍ ኳስ ነበር፤ ቤልትራን ዱላውን ሳያነሳ ቀረ፣ ሦስተኛ ስትራይክ (መቺው መምታት የነበረበት ውርወራ) ተቆጠረበት። አለቀ።

እነዚህ ሁለቱ ከዚያ በኋላ አብረው 328 ጨዋታ ጀመሩ። በሊጉ ታሪክ እንደነሱ አብሮ ብዙ ጨዋታ የጀመረ ፒቸርና ካቸር የለም። ያ ስትራይክ በማን ስም ተመዘገበ? በዌይንራይት። የትኛው ኳስ ይወርወር ያለው ማነው?

ሒሳብ ወዳድ፦
ታሪኩ ያምራል፣ አልክድም። ግን በዚያው በ2006 መደበኛው የውድድር ወቅት ላይ የሞሊና አማካይ 0.216 ነበር። እናንተ አንዷን ማታ ታስታውሳላችሁ፣ እኔ ከዚያች በፊት የነበሩትን ስድስት ወራት እቆጥራለሁ።

የሴንት ሉዊሱ ሾፌር፦
ቁጥር ከፈለግክ እንካ። ኦዚ ስሚዝ የዚሁ የኛ ቡድን ሰው ነው። አማካዩ 0.262፣ በሙሉ ዕድሜው 28 ሆም ራን። በ2002 በመጀመሪያው ዓመት 91.7 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ገባ። በጓንቱ ነው የገባው። እንደሱ ላለ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚከላከል ተጫዋች) የተፈቀደ ነገር ለካቸር ለምን ይከለከላል?

ሒሳብ ወዳድ፦
ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ግን ሙሉውን አልነገርከንም። ኦዚ 13 ጎልድ ግላቭ አለው። 580 ቤዝ ሰርቋል፤ ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ ይዟል ማለት ነው። የሱ ዋር ከ75 በላይ ነው። ከሞሊና ጋር አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጥም።

የካቸሩ እናት፦
ይቅርታ፣ እኔ እንደናንተ ታሪክ አላውቅም። ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ ካቸር ነው። የማውቀው ቤቴ የሚገባውን ነው።

በአንድ ጨዋታ ከመቶ ጊዜ በላይ ቁጢጥ ይላል፣ ይነሳል። ማታ በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ ጉልበቱ ላይ አስርለታለሁ። ቀኝ እጁን ከኋላው ይደብቃል፤ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አጥፎ ይጨብጣል፣ ምክንያቱም የተጨረፈ ኳስ መጥቶ የሚሰብረው እሱን ነው። አንዴ ረስቶ ጣቱን አወጣው። ጥፍሩ ጠቁሮ ለወራት ቆየ። ለፒቸሩ በጣቱ ምልክት ሲሰጥ እንዲታይለት ጥፍሮቹን ነጭ ቀለም የምቀባለት እኔ ነኝ። ትልልቆቹ ከ2022 ወዲህ በቁልፍ የሚሠራ መሣሪያ አላቸው፣ የኔ ልጅ ግን እስካሁን በጣቱ ነው።

ሞሊናን የነገረኝ እሱ ነው። በ2018 ሜይ ላይ በሰዓት 102 ማይል የሚበር ኳስ የመቺውን ዱላ ጨርፎ ብሽሽቱን መታው። በዚያው ሌሊት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከአንድ ወር በኋላ ተመልሶ እዚያው ቦታ ቁጢጥ አለ። በዚያው ዓመት ዘጠነኛውን ጎልድ ግላቭ ወሰደ። እንዲህ ሆኖ 19 ዓመት መቆየት ምን ማለት እንደሆነ ከዋሩ ስሌት ውስጥ የት ላይ ነው የሚታየው? በቅንነት ነው የምጠይቀው፣ አስረዱኝ።

የድሮ በረኛ፦
ልጄ፣ ጥያቄሽ ልብ ይነካል። እኔ አገር ቤት በወጣትነቴ በረኛ ነበርኩ። ከሜዳው ሰው ሁሉ ጨዋታውን ፊት ለፊት የሚያየው በረኛው ነው። ተከላካዮቹን የሚጠራው፣ ቦታ የሚያሲዘው፣ የሚቆጣው እሱ ነው። ጎል ሳይገባ ሲቀር ግን ማንም አይጽፍለትም። እዚህ መጥቼ ቤዝቦል ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ወደ ካቸሩ ነው። ስምንቱ ወደሱ ያያሉ፣ እሱ ብቻውን ወደነሱ ያያል።

አሁን ሒሳብ ወዳድ ልጃችን ያላነሳውን ላንሳ። የቺካጎ ዋይት ሶክስ ካቸር የነበረው ሬይ ሾክ በ1955 ሆል ኦፍ ፌም ገብቷል። አማካዩ 0.253 ነው። እዚያ ከገቡት ሜዳ ተጫዋቾች ሁሉ ዝቅተኛው። ስለዚህ ካቸር በጓንቱ አይገባም የሚባል ሕግ የለም። ቡን ተበድሎ ከሆነ የሱን በደል እናስተካክል እንጂ በሱ በደል ሞሊናን አንበድል።

ደግሞ ሞሊና ከየት እንደመጣ እዩ። አባቱ ፖርቶ ሪኮ ውስጥ አማተር ተጫዋች ነበር፤ ሦስት ወንዶች ልጆቹ ሦስቱም ካቸር ሆኑ። ሦስቱም ዎርልድ ሲሪስ አነሱ። ይህ የቤት ሙያ ነው፣ እንደ ሸማኔ ቤት።

ሒሳብ ወዳድ፦
ጋሼ፣ ሾክን በማንሳትዎ ተቀብያለሁ። እሱን ያስገባው ግን ኮሚቴ ነው፣ የጋዜጠኞቹ ድምፅ አይደለም።

እህቴ፣ ለጥያቄሽ በቅንነት ልመልስ። ያ 42 አንድ ነገር አይቆጥርም። ካቸሩ ኳሱን ሲቀበል ጓንቱን እንዴት አድርጎ ዳኛው (አምፓየሩ) ስትራይክ እንዲል እንደሚያደርግ፣ ፍሬሚንግ የሚሉትን። ይህንን የሚጨምረው ሌላው ስሌት ለሞሊና ከ50 በላይ ይሰጠዋል። እሱም ቢሆን የኳሱ መንገድ በካሜራ በየቦታው መመዝገብ ከጀመረበት ከ2008 ወዲህ ያለውን ነው የሚያየው። የመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ጨለማ ናቸው። ስለዚህ 42 ያነሰ ነው፣ እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ።

የፖዚ ወገን፦
ታዲያ ፍሬሚንግ ከተቆጠረ ፖዚም አብሮ ይወጣል! 1,371 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ከሞሊና ጋር በዋር ትከሻ ለትከሻ ነው። 0.302 መቷል። በ2012 ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች)፣ ሦስት ዎርልድ ሲሪስ። በ2011 ነጥብ ለማስቆጠር ካቸሩ ወዳለበት ሆም ፕሌት የሚሮጥ ሰው ገጭቶት እግሩ ተሰበረ፤ በ2014 ግጭቱን የሚገድብ ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ34 ዓመቱ ገና እየመታ አቆመ። ምርጥ ማለት ይሄ ነው። ሞሊና ቆየ፣ ፖዚ ግን በለጠ።

ጥያቄ አቅራቢው፦
ፖዚ ይገባዋል፣ በዚህ አንጣላም። ግን «ቆየ» የምትለዋን ቃል እንደ ቀላል አትወርውራት። ሌላው ካቸር ጆ ማወር በ2013 ጭንቅላቱን ተመትቶ ከዚያ በኋላ ወደ ፈርስት ቤዝ፣ ቁጢጥ ወደማይባልበት ቦታ፣ ተዛወረ። በ2018 የመጨረሻ ጨዋታው ላይ ለአንድ ውርወራ ብቻ የካቸር ልብሱን ለብሶ ወጣ። ስታዲየሙ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። ማወርም ፖዚም ከዚያ ቦታ የተገፉት ስለደከሙ አይደለም፤ ቦታው ሰው ስለሚበላ ነው። ሞሊና በ2014 አውራ ጣቱ ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ ተመለሰ። 40 ዓመት ሞልቶት እዚያው ነበር።

ሌላው ማንም ያላነሳው ሩጫው ነው። ቤዝ ሊሰርቁ ከሞከሩ አሥር ሰዎች አራቱን ይይዝ ነበር። ትልቁ ነገር ግን የያዛቸው አይደሉም። በሱ ላይ ለመሮጥ የሚደፍር ጠፋ። ያልተሞከረ ስርቆት በየትኛው ዓምድ ይጻፋል?

ሒሳብ ወዳድ፦
ትንሽ ይጻፋል፣ የጎደለውን ሙከራ የሚያሰሉ አሉ። ግን እሺ፣ እዚህ ደረስኩ፦ ይገባዋል። በመጀመሪያው ዓመት ግን አልመርጠውም። በመጨረሻው ዘመኑ በ2022፣ ቡድኑ ለዋንጫ እየታገለ፣ ባያሞን ያለው የራሱ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሻምፒዮና ሲጫወት ሊያይ ለሁለት ቀን ሄዷል። ለቡድን አስተዋጽኦ ብለን የምንመርጠው ሰው ይህንን ማድረግ አልነበረበትም። የድሮው ካቸር ዮጊ ቤራ እንኳ 10 ዎርልድ ሲሪስ ይዞ በሁለተኛው ዓመት ነው የገባው። አንድ ዓመት መጠበቅ ስድብ አይደለም።

የሴንት ሉዊሱ ሾፌር፦
ሁለት ቀን ከ19 ዓመት ውስጥ! ያኔ እኔም ተናድጄ ነበር፣ እውነቱን ልናገር። ግን ሚዛን ይኑረን።

ጥያቄ አቅራቢው፦
ቤራን ያስጠበቁት ተሳስተው ነው። ካቸሩን ጌሪ ካርተርን እስከ ስድስተኛው ዓመት አስጠበቁት። የካርዲናልሱን ካቸር ቴድ ሲመንስን በመጀመሪያው ዓመት 5 በመቶ ሳይሞላለት ከዝርዝሩ አወጡት፤ ከ25 ዓመት በላይ ቆይቶ ኮሚቴ ነው ያስተካከለው። በካቸር ላይ ሲሳሳቱ የኖሩ መራጮችን ስህተት እንደ መመሪያ አትጥቀስብኝ።

ደግሞ ጊዜው እያለቀ ነው። ከ2026 ጀምሮ መቺው፣ ፒቸሩ ወይም ካቸሩ ኮፍያውን ነካ አድርጎ የአምፓየሩን ውሳኔ በካሜራ ማስፈተሽ ይችላል። በጓንት ስትራይክ የመስረቅ ጥበብ እየጠበበ ይሄዳል። ያንን ጥበብ በእጁ ይዞ የኖረውን ሰው የምናውቀው እኛ ነን።

የድሮ በረኛ፦
ልጄ፣ የልጅሽ ጥፍር እንዴት ሆነ?

የካቸሩ እናት፦
አዲስ በቅሏል፣ ጋሼ። ቅዳሜ ጠዋት ጨዋታ አለው። ዓርብ ማታ ቀለሙን እቀባለታለሁ።

ሒሳብ ወዳድ፦
ቅዳሜ የት ነው? መምጣት እፈልጋለሁ። ከጀርባ ተቀምጬ ጓንቱን ብቻ ነው የማየው።