ጥቆማ፦ ለትራክተር የሚገጠም ስኖው ብሎወር (በረዶ ጠርጎ የሚተፋ ማሽን)፣ ከፊት ወይስ ከኋላ?

ሚኒሶታ ከከተማ ወጣ ብላችሁ ለምትኖሩ ነው። በፈረንጆቹ 1991 የሃሎዊን ሰሞን ዱሉዝ ላይ ብቻ 36.9 ኢንች በረዶ የጣለበት ስቴት ነው። የመኪና መግቢያችሁ እንደኔ ረጅም ከሆነ በእጅ የሚገፋው ማሽን ወገብ ይቆርጣል።

እኔ የምመክረው ከፊት የሚገጠመውን ነው። አራት ክረምት ከኋላ የሚገጠመውን ተጠቅሜያለሁ። ዋጋው ረከስ ይላል፣ ፒቲኦው (ከትራክተሩ ሞተር ኃይል የሚያወጣው ዘንግ) ላይ ሰክቶ መነሳት ነው። ግን የኋሊት ነው የሚነዳው። አንድ ሰዓት ሙሉ አንገቴን አዙሬ ሠርቼ፣ ማታ ትራስ ላይ ማሳረፍ ያቅተኝ ነበር። ኩቦታና ጆን ዲር ለትንንሽ ትራክተሮቻቸው ከፊት የሚገጠም አላቸው። ከበድ ያለ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ኃይል የሚያስተላልፈውም ኪት ለብቻው ይገዛል። በረዶ በጣለ ቁጥር ለሚወጣ ሰው ግን ያዋጣል።

ፕሮኖቮስት የሚባለው የካናዳ ኩቤክ ኩባንያ ከኋላ ሆኖ እየተጎተተ የሚያጸዳም ይሠራል። ወደ ፊት ትነዳላችሁ፣ አንገት ያርፋል። ጎማው ግን በረዶውን ቀድሞ ይረግጠዋል።

የትኛውንም ብትገዙ ስፋቱ ከትራክተሩ ጎማዎች የውጭ ጠርዝ እንዳያንስ።

እርጥብ በረዶ ሲሆን ብዙ ሰው የሞተሩን ዙር ይቀንሳል። ስህተት ነው። ማሽኑ በደቂቃ ለ540 የፒቲኦ ዙር ከተሠራ እዚያው ላይ ይዙር፤ የምትቀንሱት የትራክተሩን ፍጥነት ነው። ዙሩ ሲወርድ በረዶው መትፊያው አንገት ውስጥ ይጠቀጠቃል። ከተጠቀጠቀ ሞተር አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ፣ ሁሉም መቆሙን አይታችሁ በእንጨት ጎርጉሩት። እጃችሁን እንዳታስገቡ፣ አደራ!

መግቢያችሁ ጠጠር ከሆነ ማሽኑ የሚንሸራተትባቸውን የታች እግሮች ወደ ታች አውርዳችሁ ጠርዙን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጉ። እኔ ያንን ሳላደርግ ገብቼ፣ የመንገድ ጠራጊው መኪና መግቢያዬ አፍ ላይ የከመረው ክምር ውስጥ ድንጋይ ያዘኝ። "ጧ!" አለና በረዶውን የሚሰበስበው ጠመዝማዛ ቆመ። ሺር ፒኑ፣ ጫና ሲበዛ እንዲቆረጥ የተሠራው ፒን፣ ነው የተቆረጠው። ደግነቱ ሥራው ያ ነው፤ እሱ ተቆርጦ ማርሹን ያተርፋል። በእሱ ቦታ ጠንካራ ብሎን የሚያስገቡ አሉ፤ ያኔ የሚሰበረው ማርሹ ነው። ለማሽኑ የተሠራውን ፒን አምስት ስድስት ገዝታችሁ ከመፍቻ ጋር ትራክተሩ ላይ አስቀምጡ። በሌሊት፣ በዚያ ብርድ፣ የሚሸጥ ሱቅ አታገኙም።