ኢንስፔክሽኑ ተነሳ፣ 7.50 ዶላሯ ግን አልተነሳችም፦ ማህበሩ የጮኸው ለማን ነበር?

አወያይ፦
የዚህ ሳምንት ክርክር ይሄ ነው። ከቴክሳስ ውጪ ላላችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ቴክሳስ ከ1951 ጀምሮ መኪና በየዓመቱ የሚያስፈትሽ ህግ ነበራት። በ2023 የምክር ቤት አባሉ የኮዲ ሃሪስ ረቂቅ ህግ፣ ኤችቢ 3297 የሚባለው፣ አለፈና ገዢው ግሬግ አቦት ፈረሙበት፣ ከጃንዋሪ 1 2025 ጀምሮ የግል መኪና የደህንነት ኢንስፔክሽን ቀረ። የጭሱ ምርመራ ግን ዳላስ፣ ሂውስተን፣ ኦስቲንና ኤልፓሶ አካባቢ ባሉ 17 ካውንቲዎች ቀጥሏል፣ የንግድ መኪናም እንደ ድሮው ይፈተሻል። የኢንስፔክሽን ጣቢያዎቹ ማህበር፣ የቴክሳስ ስቴት ኢንስፔክሽን አሶሲዬሽን፣ ረቂቁን ምክር ቤቱ ያለበት ኦስቲን ሄዶ ተቃውሞ ነበር፣ አልተሳካለትም። ጥያቄው፣ ማህበሩ ሎቢ ያደረገው ለኛ ደህንነት ነው ወይስ ለኪሱ? ስድብ የለም። ከርዕስ የወጣ ይሰረዛል።

ባለጋራዥ_ጋርላንድ፦
እኔ ልጀምር፣ ነገሩ የነካው እኔን ስለሆነ። መደበቅም አያስፈልግም፣ ኢንስፔክሽን ስሰራ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት፣ ማህበሩ ያለውንም እደግፋለሁ። ለኪሱ ነው የምትሉ ካላችሁ ሂሳቡን ልንገራችሁ። ለደህንነቱ ምርመራ ጣቢያው የሚያገኘው 7 ዶላር ነበር። ሰባት! በሷ ክላክስ፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ ቀበቶ፣ መሪ፣ ፍሬን፣ የእጅ ፍሬን፣ ጎማ፣ የፊት መብራት፣ ስቶፕ፣ ፍሬቻ፣ የታርጋ መብራት ሳይቀር አያለሁ፣ ከዛ መኪናውን ነድቼ በሰዓት 20 ማይል ላይ ፍሬን ስይዝ በ25 ጫማ ውስጥ መቆሙን አረጋግጣለሁ። በ7 ዶላር ሀብታም የሆነ ሰው አላውቅም። ስቴቱ ደግሞ በላዩ ላይ 7.50 ይወስድ ነበር፣ እና ህጉ ሲነሳ የኔ 7 ጠፋች የስቴቱ 7.50 ግን ስሟን ቀይራ "የኢንስፔክሽን ፕሮግራም መተኪያ ክፍያ" ተብላ ሬጂስትሬሽናችሁ ላይ ተቀመጠች፣ አዲስ መኪና ከሆነ ደሞ የሁለት ዓመቱን ባንዴ 16.75። ማንም የማያየውን መኪና ለማየት ነው አሁን የምትከፍሉት። ታዲያ ለኪሱ የተከራከረው ማን ነው?

ሹፌር_ዳላስ፦
ጋሼ እርስዎን አከብራለሁ ግን ሂሳቡን ግማሹን ነው የነገሩን። በ7 ዶላር ማንም አይከብርም ያሉት እውነት ነው፣ ችግሩም እሱ ነው እኮ! በ7 ዶላር መኖር ካልተቻለ ጣቢያው የሚኖረው በምንድነው? ከኢንስፔክሽኑ በኋላ በሚመጣው ጥገና ነዋ። አንዴ እዚሁ ከተማ አንድ ቦታ ሄጄ "መጥረጊያህ አልቋል፣ የፊት ፍሬን ሸራህም ወደ መጨረሻው ነው፣ ካልቀየርክ አላሳልፍህም" ተባልኩ፣ ዋጋ ሲነግሩኝ የሁለት ቀን ስራዬ ነው። ሄድኩ፣ ሌላ ቦታ በዛው ቀን ከሰዓት ያለምንም ነገር አለፍኩ። እንግዲህ ወይ የመጀመሪያው ዋሽቷል ወይ ሁለተኛው አላየም፣ ሁለቱም ግን የተፈቀደላቸው ናቸው። ራይድ ለምንሰራ ሰዎች ግማሽ ቀን ቆመን ስንውል የሚከፍለን የለም፣ ወረፋው፣ ክርክሩ፣ ተመልሶ መምጣቱ። ማህበሩ ኦስቲን ሲሄድ ይሄንን አልተናገረም።

ነርስ_ፎርትወርዝ፦
ወንድሜ ያልከው ደርሶብኛል፣ ግን አሁን ጊዜህ ተረፈልህ? ዳላስ ካውንቲ ነው ያለኸው አይደል፣ እኛም ታራንት ነን፣ ለጭሱ በየዓመቱ እንደ ድሮው እንሄዳለን እኮ። ድሮ 25.50 ነበር አሁን 18.50 ነው፣ ያችው 7 ብቻ ናት የቀነሰችው። መኪናው እዛው ቆሟል፣ ሰውየው ኮምፒውተሩን ከመሪው ስር ይሰካል፣ ያነባል፣ ይነቅላል፣ ሂዱ ይለናል። ጎማውን ዝቅ ብሎ ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም፣ ግን አሁን ስራው አይደለም።

ባለጋራዥ_ጋርላንድ፦
ይባርክሽ እህቴ፣ እሱን ነው ልል የነበረው። ባለፈው ዊንተር አንዲት ልጅ ኮሮላ ይዛ ለጭስ መጣች፣ የማታ ሺፍት ጨርሳ፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ አይኗ እየተከደነ። ጭሱ በአንድ አፍታ አለፈ። ወረቀቱን ልሰጣት ስል የፊት ግራ ጎማ ትንሽ አጋድሎ ታየኝ፣ አላስችለኝ ብሎ መሪውን ጠምዝዤ እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። ከውጪ ጥርሱ አለ፣ ደህና ጎማ ነው የሚመስለው። በውስጥ በኩል ግን ሊሾ ሆኖ ሊሾውም አልቆ ሽቦው ወጥቷል፣ ጣቴን ወጋኝ። አላይንመንቱ ተበላሽቶ በውስጥ ብቻ ሲበላ ከርሟል። "በየትኛው መንገድ ነው የምትሄጂው?" አልኳት፣ በ635 ሀይዌይ አለች። በየቀኑ በ70 ማይል በዛ ጎማ። በድሮው ህግ ላሳልፋት አልችልም ነበር፣ ጥርሱ ከኢንች 2/32 በታች ከሆነ ወዳቂ ነው። አሁን ግን ወረቀቱን ሰጥቻት መሄድ መብቷ ነው፣ ለምኜ ነው ያስቀየርኳት። ሌላው ይለምናል ወይ? አይለምንም፣ ግዴታም የለበትም።
ሌላ ደሞ ጨምሩበት፣ ጭሱ የሚመለከተው ከ2 እስከ 24 ዓመት የሆነውን የቤንዚን መኪና ነው። 25 የሞላው አሮጌ መኪና ከጭሱም ነፃ ነው። ድሮ እሱም ለደህንነቱ ይመጣ ነበር። አሁን በጣም ያረጀውን መኪና የሚያይ አንድም ሰው የለም ማለት ነው።

ተማሪ_ኦስቲን፦
ቁጥር ላምጣ፣ ሁለቱም ወገን የሚወደውን ብቻ ነው የሚጠቅሰው። ማህበሩን የሚደግፉ ሰዎች የሚያነሱት በ2018 የኛው ዩኒቨርሲቲ፣ ዩቲ ኦስቲን፣ ለስቴቱ ያጠናውን ነው። ጉድለት ያለበት መኪና አደጋ ሲደርስበት ሰው የሚሞትበት መጠን ጉድለት ከሌለበት ከሶስት እጥፍ በላይ ነው ይላል፣ ፕሮግራሙም እንዲቀጥል ነው የመከረው። ይሄ እውነት ነው። ግን የተበላሸ መኪና አደገኛ ነው ማለትና ኢንስፔክሽን የተበላሸውን ከመንገድ ያወጣል ማለት አንድ አይደለም። የፌደራሉ የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት ከ2005 እስከ 2007 በሰበሰበው መረጃ ዋናው መንስኤ መኪናው የሆነበት አደጋ 2 በመቶ ገደማ ነው፣ የቀረው በአብዛኛው ሹፌሩ። የኮንግረሱ ኦዲት መስሪያ ቤት በ2015 ከየስቴቱ ያየው ከ2 እስከ 7 በመቶ ነው፣ እና የኢንስፔክሽኑን ጥቅም ከሌላው ነገር ለይቶ መለካት አስቸጋሪ ነው ብሏል። ኒው ጀርሲ በ2010 ለግል መኪና አቆመች፣ ከዛ በኋላ ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች አደጋው ሲጨምር አላገኙም። ስለዚህ ጋሼ ጎማው ያዩት እውነት ነው፣ ህጉ ግን በአንድ ጎማ አይወጣም።

ባለጋራዥ_ጋርላንድ፦
2 በመቶ ስትል ትንሽ ይመስላል ልጄ። ቴክሳስ ውስጥ በ2023 ብቻ መንገድ ላይ የሞተው ከ4,000 በላይ ሰው ነው። ከዛ ላይ ትንሿ ፐርሰንት ስንት ቤት ለቅሶ እንደሆነ አስላልኝ። ያው መረጃህ ራሱ ከመኪናው በሆነው ውስጥ ጎማና ፍሬን ነው የበዛው የሚለው፣ በአይንና በእጅ የሚታይ ነገር።

ተማሪ_ኦስቲን፦
አዎ፣ ጎማ 35 ፍሬን 22 በመቶ አካባቢ። እሱን አልክድም። ግን የቴክሳሱ ኢንስፔክሽን ጎማ ፈትቶ ፍሬን ያይ ነበር እንዴ?

ባለጋራዥ_ጋርላንድ፦
አልነበረም። እሱን አምናለሁ። ነድተን ነበር የምንፈትነው።

አሌክሳንድሪያ_ቨርጂኒያ፦
እኛ ጋ ግን ይፈታል። ቨርጂኒያ በየዓመቱ ነው፣ ጎማ ወልቆ ሸራው ይለካል። እኛም ጋ ይሄው ክርክር ነበረ፣ በ2019 መጨረሻ ገዢው ራልፍ ኖርዘም ይቅር ብለው በጀታቸው ላይ አቀረቡ፣ ያኔ ዋጋው 20 ዶላር ነበር። ባለጋራዦቹ ተነሱ፣ ምክር ቤቱ አልቀበልም አለና ቀጠለ። ቴክሳስ የተሸነፈው እዚህ አሸነፈ ማለት ነው። እዚህ አካባቢ ደሞ ገራሚ ነው፣ ዲሲ በ2009 የደህንነቱን አቁማለች፣ ሜሪላንድ መኪናው ሲሸጥ ነው የምታስፈትሸው፣ ድልድይ ስትሻገር ህጉ ይቀየራል፣ መኪናው ግን ያው አንድ መንገድ ላይ ነው የሚነዳው። እኔ በየዓመቱ እየተነጫነጭኩ ነው የምሄደው፣ ግን ልጄ 17 ሞልቷት የኔን አሮጌ መኪና ስትይዝ ያቺን ስቲከር መስታወቱ ላይ ሳያት ደስ ይለኛል። ሌላው ቢቀር አንድ ሰው ከስሩ ገብቶ አይቶታል እላለሁ።

አያት_አዲስ፦
ከዚህ ደሞ እኔ ልናገር። እኛ ቦሎ በየዓመቱ ነው፣ ያለ ምርመራ ቦሎ የለም። ጎረቤቴ ሚኒባስ አለው፣ የቦሎ ሰሞን ደህና ጎማ ከጓደኛው ይዋሳል፣ አስገጥሞ ያስመረምራል፣ ማታ ፈትቶ ይመልስና ሊሾውን መልሶ ያስራል። ወረቀቱ ንፁህ ነው። ተሳፋሪው ዓመቱን ሙሉ የሚሄደው ግን በሊሾው ነው። ምርመራ ይቅር ማለቴ አይደለም፣ ወረቀትና ምርመራ ይለያያል ለማለት ነው።

ሹፌር_ዳላስ፦
ይሄውላችሁ! እዚህም ያው ነበር። ተፈታሹ መኪና ሳይመጣ ሌላ ደህና መኪና ላይ ኮምፒውተሩን ሰክተው ወረቀቱን በአንተ መኪና የሚያወጡ ነበሩ፣ ክሊን ስካኒንግ የሚሉት፣ ሰዎች ተከሰውበታል። ጋሼ በግልፅ ይንገሩን፣ ማህበሩ ስለነዚህ ምን አለ?

ባለጋራዥ_ጋርላንድ፦
እዚህ ላይ ትክክል ነህ፣ የሚያመኝም እሱ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ እየተንበረከክሁ መብራት ስቆጥር ያኛው መኪናውን ሳያይ ወረቀት ይሸጥ ነበር፣ ደምበኛውም ወደሱ ነው የሚሄደው ምክንያቱም እሱ ጋ ማንም አይወድቅም። ያን ጊዜ ጮክ ብለን እኛው ራሳችን "ይሄ ሌባ ነው ፈቃዱን ንጠቁት" ብንል ኖሮ፣ በ2023 ቆመን ስለ ህይወት ስናወራ የሚሰማን ይገኝ ነበር። ማስጠንቀቂያ እኮ ደርሶን ነበር፣ በ2017 ኢንስፔክሽኑን የሚያስቀረው የሴናተር ዶን ሀፋይንስ ረቂቅ ሴኔቱን አልፎ ነው ታችኛው ምክር ቤት፣ ሃውስ፣ ላይ የቀረው። ስድስት ዓመት ነበረን። በስድስት ዓመት ቤታችንን አላፀዳንም። እኔም ራሴ አላጋለጥኩም፣ የማውቀው እያለ። ዝም ብያለሁ።

ነርስ_ፎርትወርዝ፦
ጋሼ ይሄን በማመንዎ አከብርዎታለሁ። አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳውም። መብራት ይዞ መገኘት አሁንም ጥፋት ነው እኮ፣ ማለቴ የተቃጠለ መብራት፣ ህጉ አልተነሳም፣ የተነሳው ምርመራው ነው። ድሮ የስቶፕ መብራትሽ ጠፍቷል የሚለኝ መካኒክ ነበር፣ በቀን፣ በአምፖል ዋጋ። በቀደም ለሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ (በኛ አቆጣጠር፣ ገና ሳይነጋ) ከስራ ስመለስ ከኋላዬ ቀይና ሰማያዊ በራ። የቀኝ ስቶፕ ጠፍቷል፣ እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ በምን ልወቀው? ፖሊሱ ጨዋ ነበር፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጠኝ። ግን እጄን መሪው ላይ አድርጌ ስጠብቅ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንድ ልጅ አለኝ 19 ዓመቱ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ረጅም ነው፣ ያቺኑ መኪና ነው የሚነዳው። እኔ በሱ መኪና የተቃጠለ አምፖል መጀመሪያ የሚያየው ፖሊስ እንዲሆን አልፈልግም። በቃ የኔ ክርክር ይሄ ነው፣ ማህበሩ ለኪሱ ይሁን ለነፍሱ ግድ የለኝም።

ሹፌር_ዳላስ፦
እህቴ ይሄ ገባኝ። እኔም ለሊት ነው የምሰራው። ግን በዚሁ አጋጣሚ ወደ ድሮው እንመለስ ካላችሁ አልስማማም። እንዴት ይሁን ነው የምትሉት ጋሼ?

ባለጋራዥ_ጋርላንድ፦
እንደ ድሮው አልልም። አዲስ መኪና በየዓመቱ ማስቆም ጊዜ ማባከን ነው ያሉት ትክክል ነበሩ። ከ10 ዓመት በላይ ለሆነ መኪና በሁለት ዓመት አንዴ፣ ጎማ ተፈትቶ፣ ፈታሹ ያው ቦታ ላይ እንዳይጠግን ተከልክሎ፣ ዋጋው ደሞ ሰው የሚኖርበት ይሁን። ብሩ እኮ አለ፣ 7.50ዋን ዛሬም ትከፍላላችሁ። ለሌላ ስራ መዋሏ ቀርቶ ለፍተሻው ትመለስ ነው የምለው።

ተማሪ_ኦስቲን፦
ፈታሽና ጠጋኝ ይለያይ የሚለውን እደግፋለሁ፣ ግን ማህበሩ እሱን ይቀበላል? አባሎቹ አብዛኞቹ ጠጋኞች ናቸው። እዚህ ጋ ነው የሚፈተነው።

ባለጋራዥ_ጋርላንድ፦
አላውቅም። እኔን ጨምሮ ይከብደናል።

ነርስ_ፎርትወርዝ፦
ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንዴ ነው፣ ቀጣዩ ጃንዋሪ 2027። ኮሚቴ ፊት ለመመስከር ሎቢስት መሆን አያስፈልግም፣ ተመዝግቦ ተራ መጠበቅ ነው፣ እደግፋለሁ እቃወማለሁ ብሎ ማስመዝገብም ብቻውን ይቻላል። እስካሁን ስለኛ መኪና ኦስቲን የሄዱት ማህበሩና ማህበሩን የማይወዱት ናቸው። ረቂቅ ከቀረበ እኔ ኦፍ ወስጄ እሄዳለሁ።

ሹፌር_ዳላስ፦
መኪናዬ ሰፊ ነው፣ ኦስቲን በ35 ሀይዌይ ሶስት ሰዓት ብትሆን ነው፣ ጋሼንም አንቺንም እወስዳለሁ። እኔ ግን እቃወማለሁ ብዬ ነው የምመዘገበው።